ሳይቀመስ የተቀዳ

«ጤፉ ነጭ ነው?»

«ሠርገኛ ነው።»

የይለፍ ቃሉ ትክክል ነበር። ሹፌሩ ሰማው ባጃጁን ቢቸና ገበያ ዳር አቁሞ የጤፍ ቋጠሮውን አቀበላት።

«ጠበቅ አድርገሽ ያዢው፣ ማናለሽ።»

ስሟ ማናለሽ አይደለም። ሞጣ የምትታወቀው በሆስፒታል ጽዳት ሠራተኛነት ነው፤ የላኳት ሰዎች ደግሞ «ጌሾ» ይሏታል። ጤፉ መሀል አንዲት ብልቃጥ ተቀብራለች። በውስጧ ከአረንጓዴ ሻይ ቅጠል ተጣርቶ የወጣ ውሁድ አለ። መድኃኒት የለመደው ተህዋስ፣ ይህ ከአሮጌው መድኃኒት ጋር ሲሰጥበት ይሸነፋል ብለው ተመራማሪዎቹ ተስፋ አድርገዋል። የበፊቱን ብልቃጥ ውድ መድኃኒት የሚነግዱ ሰዎች መንገድ ላይ አስቀርተውታል። ሞጣ ሆስፒታል የተኛችው የሰማው እህት ፋንታ ቁስሏ አመርቅዞ ሌላ መድኃኒት አልቀራትም።

አለቃቸው ሽታሁን ጠላ ቤት ጠበቃቸው። ሻጯን ወደ ጓዳ ሸኝቶ ራሱ ቀዳ።

«ደክሟችኋል። ጠጡ።»

ሰማው ሳቀ። «ኧረ ጋሼ ሽታሁን! ሳይቀምሱ? አዲስ አበባ ወጉን አስረሳዎት እንዴ?»

በዚህ አገር የሚቀዳ ሰው መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ ቀድሞ ይቀምሳል። ሽታሁን የደብረ ወርቅ ልጅ ነው። ይህን አይረሳም።

ገባት።

ቀኝ እጁ ጋቢው ሥር ነበር። ብትጮህ ይተኩሳል። ብልቃጧም ትቀራለች።

«አትጠጣ» ልትል አፏ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጠችው።

ሰማው ጨለጠው።

እሷ ከንፈሯን ብቻ አርሳ፣ ሽታሁን ዓይኑን ሰማው ላይ እንደተከለ ጠላውን ጉዝጓዙ ላይ አፈሰሰች። ሰማው ጠረጴዛው ላይ ሲደፋ አብራው ተደፋች። ሽታሁን ቦርሳዋን በረበረ። ለእንዲህ ያለ ቀን የያዘችውን፣ ተራ ሻይ የተሞላ ብልቃጥ አገኘ። ወደ ብርሃን አንስቶ አየው።

«ነፍስ ይማር» ብሎ ወጣ።

የሰማውን ዓይን ከደነችለት። ማልቀስ ነበረባት፤ እንባው አልመጣም። ምንም አልተሰማትም። ጤፉን አዝላ የሞጣ አውቶቡስ ላይ ወጣች፣ ለላኳትም «ሽታሁን ከድቷል» ብላ ጻፈች። ደጀን ላይ ያዙት። ለሰማው ግን ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

ብልቃጧ ሆስፒታል ደረሰች፤ ሰንበትበት ብሎ የፋንታ ትኩሳት በረደ። ቁስሏም መድረቅ ጀመረ።

«ሻዩ ይሁን ዕድሜሽ፣ ተርፈሻል» አለቻት ሐኪሟ ንጋት።

ፋንታ ወለል ወደምትወለውለው ሴት ዞረች።

«እትዬ፣ ቢቸና ደርሰሽ መጣሽ አሉ። ወንድሜን አላየሽውም? ስልኩ አይነሣም።»

ለታማሚ መርዶ አይነገርም። ቤተሰቡም እስካሁን ሲደብቃት ነው የከረመው።

«አየሁት» አለቻት። «ደኅና ነው።»

ፋንታ «ተመስገን» ብላ እንቅልፍ ወሰዳት። በማግስቱ ወለሉን ሌላ ሴት ወለወለችው።