ከፒክአፑ ሆድ ስር

ይህ በእኔ ላይ የደረሰ ነው። ውሸት ያማረው ሰው የምርጫ ሰሞን ራዲዮ ይክፈት፤ እኔ ዘንድ የለም።

ሰዓቱ ስድስት ሰዓት ነበር...

የሌሊቱ እንዳይመስላችሁ። የቀትሩ። በአውስትራሊያ፣ በምዕራብ ኩዊንስላንድ፣ ፀሐይ አናት ላይ ቆማ የሰውን ጥላ ከጫማው ስር በምትከትበት ሰዓት። በዚያ ሰዓት እዚህ አገር ጨለማ የሚገኘው አንድ ቦታ ብቻ ነው።

ከመኪና ስር።

ፒክአፑን የገዛሁት ዱልሲ ከምትባል ባልቴት ነው። ባሏ ሮይ ሲሞት የከብት እርባታውን ዘግታ ዕቃዋን ለጨረታ አወጣች። ጎረቤት ሁሉ መጣ። አካፋው ተሸጠ፣ አልጋው ተሸጠ፣ የተሰነጠቀ ባልዲ እንኳ ሁለት ሰው ተጣላበት።

መኪናውን ግን ማንም አልጠየቀም።

እኔ ዕድለኛ ነኝ ብዬ ወሰድኩት። ሰው ሁሉ የሸሸውን ነገር አግኝቶ ዕድለኛ ነኝ የሚል፣ እኔና አዲስ ሙሽራ ብቻ ነን።

ሮይ መኪናውን ከፍ አድርጎት ነበር። ከፊት ረጃጅም ሞላ፤ ከኋላ ከባሌስትራው ጋር የተነባበረ የብረት መደላድል። የበሩ ደፍ ወገቤ ላይ ይደርሳል።

ዱልሲ ቁልፉን ስትሰጠኝ ቶሎ አልለቀቀችውም።

«ከፍታውን እንዳትነካው።»

«ወንዝ ለመሻገር ነው አይደል?»

ወደ መኪናው ሆድ አየት አደረገች።

«እሺ... ለወንዙ በል።»

ችግሩ አባቴ ነው። ክላይቭ ይባላል። ዳሌው ከተሰበረ ወዲህ በየሳምንቱ ክሊኒክ መሄድ አለበት። ነርሷ ቁርጡን ነግራናለች፦ መቅረት ካበዛ ባሕር ዳር ወዳለው የአረጋውያን ቤት ይላካል። ከቤታችን የሁለት ቀን መንገድ ነው።

«እዚያ ወስደው ቢንጎ ሊያጫውቱኝ ነው?» ይላል አባቴ። «ከዚያ ይልቅ እዚሁ ጓሮ ቅበሩኝ።»

መኪናው ላይ ግን መውጣት አልቻለም። ደግፌ ላውጣው ስል በክርኑ ደረቴን ይለኛል።

«ዞር በል! በግ ነኝ እንዴ?»

እና... ከፍታውን ላውርደው ወይስ ልተወው?

የአካባቢያችንን መካኒክ ኖሊንን ጠየቅኳት። ሳቀችብኝ።

«ዝቅ አድርገኸው ዘጠኝ ማይል የሚሉትን ወንዝ በምን ልትሻገር ነው? በጸሎት? አንተ ደግሞ ጸሎት የምታውቀው የራግቢ ፍጻሜ ሲደርስ ነው።»

እውነቷን ነው። ዝናብ ከጣለ ዝቅ ያለ መኪና ይቀራል። ከፍ ካለ ደግሞ አባቴ ይቀራል። እያመነታሁ ሰነበትኩ...

እያመነታሁ ሳለ ነው ትናንሽ ነገሮችን ማየት የጀመርኩት።

በእኛ አገር ሁለት መኪና ሲተላለፍ ሹፌሩ ከመሪው ላይ አንድ ጣቱን ያነሳል። ሰላምታ ነው። የማያነሳ ወይ ቱሪስት ነው፣ ወይ ተቀይሞሃል።

ይህን ፒክአፕ ከያዝኩ ወዲህ ግን... ሰዎች እኔን አይተው አንድ ጣት ያነሳሉ።

ከዚያ ዓይናቸውን ወደ ጎማዎቹ መሃል ዝቅ ያደርጋሉ።

ሌላ ጣት ያነሳሉ።

ውሻዬም አለ። ቀትር ላይ ከመኪና ስር ካልተኛ አይሆንለትም። አሁንም ይተኛል። ግን ጥጉን ይዞ፣ ግማሽ ገላው ፀሐይ ላይ፣ ተኮራምቶ።

አልጋ ለሚጋራው ሰው ቦታ ለቅቆ እንደሚተኛ።

አንድ ከሰዓት በኋላ ስልኬ ጮኸ። ዱልሲ ናት። በሹክሹክታ።

«አወረድከው?»

«ገና ነው።»

«ሮይ መጀመሪያ ትንሽ ነበር ያነሳው። ከዚያ ጨመረ... ከዚያም ጨመረ።»

«ለምን?»

«ጠበበው።»

«ማንን?»

ስልኩ ተዘጋ።

መልሼ ብደውል አታነሳም። አሮጊቷ ብቸኝነት አናቷ ላይ ወጥቶ ነው ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ሰው ያልገባውን ነገር ሲሰማ መጀመሪያ የሚያሳብደው ተናጋሪውን ነው።

በማግስቱ የክሊኒክ ቀን ነበር። አባቴ ኮፍያውን አድርጎ ወጣ። የበሩን እጀታ ያዘ። እግሩን አነሳ...

አልደረሰም።

እንደገና አነሳ። ከንፈሩ ነጣ። ከዚያ እጀታውን ለቅቆ ወደ ቤት ተመለሰ።

ተከትዬው ስገባ አልጋው ላይ ሻንጣ ከፍቶ ካልሲዎቹን እያጣጠፈ ነው።

«ነርሷን ጥራልኝ» አለ። «ልሂድላቸው።»

አባቴ ሲሸነፍ አይቼ አላውቅም። ቁልፉን አንስቼ ወጣሁ።

ኖሊን መኪናውን በክሪክ አንስታ፣ በብረት ቋሚዎች አስደግፋ፣ በጀርባዋ ስሩ ገባች። ስትሠራ ትዘፍናለች፤ ድምፅዋ የታመመች ፍየል ነው የሚመስለው።

ዘፈኑ መሃል ላይ ተቋረጠ።

«ዌይን።»

«ምነው?»

«ሮይ የመኪናውን ሆድ ይወለውል ነበር እንዴ?»

ጎንበስ ብዬ አየሁ። ሁሉም ቦታ ቀይ አቧራ ጋግሯል። መሃሉ ላይ ግን፣ ከፊት እስከ ኋላ፣ አልጋ በሚያክል ስፋት ብረቱ ተፍቆ ያብረቀርቃል። ከብት ጀርባውን ዕድሜ ልኩን ያከከበት ምሰሶ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እንደዚያ የለዘበ።

«ላም ገብታበት ይሆናል» አልኩ ለመቀለድ።

አልሳቀችም። መዳፏን ብረቱ ላይ አሳረፈች።

«ሞተሩ ከጠፋ ቆየ አይደል?»

«ከጠዋት ጀምሮ ነው የጠፋው።»

«ይሄ መሃሉ ግን... ሞቅ ብሏል። ገላ ነው የሚመስለው።»

ተያየን።

«ላቁም?» አለች በሹክሹክታ።

«አባዬ ሻንጣውን አዘጋጅቷል።»

ሌላ አልጠየቀችኝም። ረጃጅሞቹ ሞላዎችና መደላድሎቹ አንድ በአንድ ወርደው ጋራዡ ጥግ ተቆለሉ። ኖሊን ከዚያ በኋላ አልዘፈነችም።

ቤት ስደርስ ቀትር ሆኗል። አባቴ ወጥቶ መኪናውን ዞረው። ከዚያ፣ ማንም ሳይነካው፣ በሩን ከፍቶ ወንበር ላይ እንደሚቀመጥ ቁጭ አለ።

«ይኸዋ! አሁን መኪና ሆነ» አለ እየሳቀ። «ቅድም እኮ ጣሪያ ነበር።»

እንደዚያ ሲስቅ ካየሁት ቆይቼ ነበር። ዓይኔ ዕንባ አቀረረ።

«ውሃ ልያዝልህ፤ መጣሁ።»

ሞተሩን አጥፍቼ፣ ቁልፉን ኪሴ ከትቼ ገባሁ። አንድ ጠርሙስ ውሃ ለመሙላት የሚፈጀው ጊዜ... ከዚያ አይበልጥም።

ስወጣ ወፍ የለም። ዝንብ እንኳ የለም።

አባቴ ቀጥ ብሎ ተቀምጧል። እጆቹ ጉልበቱ ላይ። መስኮቱ ክፍት ነው።

«ዌይን» አለ በሹክሹክታ። «አትቅረብ።»

«ምን ሆንክ አባዬ?»

«ዝም በል። እያየህ ነው?»

አየሁ።

የበሩ ደፍ እንደገና ወገቤ ላይ ነበር።

ሞላዎቹ ኖሊን ጋራዥ ናቸው። መደላድሎቹም እዚያው ናቸው። በዓይኔ ሲወርዱ አይቻለሁ...

የበሩ ደፍ ደረቴ ላይ ደረሰ።

ጎንበስ አልኩ። አራቱም ጎማዎች መሬት አልነኩም። አቧራውን ለቀው አየር ላይ ተንጠልጥለው፣ እንደተሰጣ ልብስ ቀስ እያሉ ይወዛወዛሉ። በመካከላቸው ያለው ጥላ ግን መሬት ላይ አልቀረም። ከመኪናው ጋር አብሮ ተነስቷል።

መኪናው ከፍ አለ... ዝቅ አለ... ከፍ አለ...

እንደተኛ ሰው ደረት።

«ሞተሩን አጥፋልኝ» አለ አባቴ።

«ሞተሩ አልተነሳም አባዬ። ቁልፉ እኔ ጋ ነው።»

ከንፈሩን አረጠበ።

«ልዝለል?»

ከቤታችን ጣሪያ ጠርዝ ጋር በዓይኔ ለካሁት። መኪናው በዚህ መሃል ከጣሪያው በላይ ሆኗል። በዚያ ዳሌ...

ፒክአፑ ያለ አንዳች ድምፅ ፊቱን ወደ ሜዳው አዞረ። በአቧራው ላይ የጎማ ምልክት የለም። አንድ እርምጃ ያህል ተንሳፈፈ። ቆመ። ሌላ እርምጃ...

አባቴ በመስኮቱ ቁልቁል አየኝ። ዓይኑን ከእኔ ሳያነሳ እጁን ወደ ትከሻው ሰደደ።

ቀስ ብሎ ቀበቶውን አሰረ።