ካሴት ውስጥ የቀረው ልጅ

መተማ ዮሐንስ ላይ፣ ከባድ መኪኖች ጉምሩክ ለመግባት ከሚሰለፉበት መንገድ ጀርባ፣ እማማ ጥሩአየሁ ከልጃቸው ከእመቤት ጋር ይኖሩ ነበር። ዓይናቸው ከጠፋ ወዲህ ቀኑን የሚገፉት አንድ አሮጌ ካሴት እየሰሙ ነው። በካሴቱ የሚዘፍነው አንድያ ወንድ ልጃቸው ወንድዬ ነበር። ወንድዬ በወጣትነቱ ጊታር አንግቶ «እኔ የምዘፍነው ሮክ ነው» ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ የገባው ሰው አልነበረም። ግን ያ ድምፅ! ቀኑን ሙሉ ሰሊጥ ሲያጭዱ የዋሉ ሠራተኞች እንኳ ያንን ቀጭን ጩኸት ሲሰሙ ድካማቸውን ረስተው ይዘሉ ነበር። አባቱ አያ ማሩ ብቻ «ተው፣ ጉሮሮህን እንደኔ ታደርገዋለህ» ይሉት ነበር፤ እሳቸው ዕድሜያቸውን ሙሉ ከትራክተር ድምፅ በላይ ሲጣሩ የኖሩ፣ ድምፃቸው የሻከረ ሰው ነበሩ።

ልጅ ምክር ይሰማል? ወንድዬ ድንበሩን ተሻግሮ ካርቱም ገባ። በሠርግና በሆቴል ሲጮህ ሃያ ዓመት አለፈው። ድምፅም እንደ ጉልበት ነው፣ ሳይናገር ይከዳል። መጀመሪያ ከፍ የሚለው ቦታ ላይ እምቢ አለው፤ ዝቅ አድርጎ ዘፈነ። ቀጥሎ ዝቅ ያለውም ጎረነነ። አባቱ ሲሞቱ እንኳ አልደረሰም። በመጨረሻ ካርቱም ላይ ጦርነት ፈነዳ፤ ከዚያ የሸሸ አንድ ሰው «ወንድዬ ሞቷል» የሚል መርዶ ይዞ መጣ።

የእማማ ጥሩአየሁ እንባ አልደርቅ አለ፤ እህልም እምቢ አሉ። እመቤት ጨነቃት። ምን ታድርግ? ከጎጃም ለአጨዳ የወረደ ያረጋል የሚባል ሠራተኛ ለምና፣ «ወንድዬ ነኝ በላት» ብላ አስገባችው። እናት የልጇን ድምፅ ትስታለች? ገና አፉን ሲከፍት አወቁበት፤ ካሴቱን ከፍተው አሰሙትና አሳፍረው ሰደዱት። በፍቅር የተሠራች ይህች ስህተት ናት ኋላ ቤቱን ያፈረሰችው።

ዓመት ሳይሞላ እውነተኛው ወንድዬ ከድንበሩ ማዶ ካለችው ጋላባት በእግሩ ገባ። እናቱ ጉልበት ላይ ወደቀ።

«እምዬ፣ እኔ ነኝ። ወንድዬ ነኝ።»

እማማ ጥሩአየሁ ጉልበታቸውን ሰበሰቡ። «እመቤት፣ ደግሞ ሰው አመጣሽብኝ?»

እመቤት እያለቀሰች ማለች፤ ማን ይመናት? ፊቱን ቢያስዳስሳቸው የተሸበሸበና ጢም የወረሰው ሆነባቸው። የልጅነቱን ቢያወራ «እሷ አስጠንታህ ነው» አሉ። ካሴቱን ከፈቱና «ልጄ ይኸ ነው። በል ከሱ ጋር ዝፈን» አሉት። ዘፈነ... ከፍ የሚለው ቦታ ሲደርስ ድምፁ ተሰበረ፣ ሳል ያዘው።

«እናትህ እየጠበቀችህ ይሆናል» አሉት ቀስ ብለው። «ወደሷ ሂድ።»

የት ይሂድ? እመቤት እናቷን ለምናለት ጓዳ ውስጥ እንደ እንግዳ ሰው ተቀመጠ። ድምፁ እንዳያስከፋቸው አፉን ዘግቶ ውኃ ይቀዳል፣ እንጨት ይፈልጣል። ክረምቱ ገባ፤ ወባ እማማ ጥሩአየሁን ጣላቸው። አንድ ከሰዓት በኋላ ትኩሳቱ ሲበረታባቸው ውኃ አቀረበላቸውና እንዳይናገር መጠንቀቁን ረስቶ «ቀና በይ፣ ትንሽ ጠጪ» አላቸው።

የእናት ፊት በራ። «አያ ማሩ... መጡልኝ?»

እመቤት አፏን በእጇ ያዘች። እውነት ነው፤ የወንድሟ ድምፅ አርጅቶ አርጅቶ የአባቷን ድምፅ ሆኗል። እስከዛሬ እንዴት አላስተዋለችም?

«ልጃችንን እዚያ በሰማይ ቤት አገኙት?» አሉ እናት።

ወንድዬ «ልጅሽ እኔ ነኝ» ሊል አፉን ከፈተ። ዳግም ቢያባርሩትስ? ይህ ደስታቸው ቢጠፋስ? ከእናቱ አፍ «ወንድዬ ልጄ» የሚለውን ለመስማት ነበር ድንበር ተሻግሮ የመጣው። ዋጠው።

«የለም ጥሩ፤ እዚያ የለም። በሕይወት አለ። ደጅ ደርሷል» አለ፣ አባቱ እናቱን በሚያቆላምጥበት ስም ጠርቶ።

«እመቤት፣ በሩን ክፈችለት።»

እመቤት ተነስታ ከፈተች። የገባ ሰው የለም። እማማ ጥሩአየሁ የባላቸውን እጅ የያዙ መስሏቸው የልጃቸውን እጅ እንደያዙ፣ ፊታቸውን ወደ በሩ አዙረው አረፉ።

ዕጣ ፈንታን ማን ይጠይቃታል? ወንድዬን ከጦርነት አውጥታ እናቱ ዘንድ አደረሰችው፣ ግን በአባቱ ድምፅ። በቀብሩ ዕለት ሙሾ አውጣ ቢሉት እምቢ አለ። ሰው ሁሉ ሲበተን ካሴቱን ከፍቶ ከመቃብሩ ራስጌ አስቀመጠው። የሚያውቁት ልጃቸው እስከ መጨረሻው ዘፈነላቸው፤ የማያውቁት ልጃቸው አጠገቡ ቆሞ አለቀሰ።