የኩማ ትኩሳት

ኩማ ሁለቴ ሞተ። መጀመሪያ ማክሰኞ ዕለት፣ ባህል አዳራሽ አካባቢ ባለው የጫማ ሱቁ ውስጥ ልቡ ቀጥ አለ። ጫማ ልትለካ የገባች ፀደይ የምትባል ነርስ ደረቱን እየተጫነች፣ አፏን አፉ ላይ አድርጋ እየተነፈሰችለት መለሰችው። ሁለተኛው ዓርብ ነው፣ ሆስፒታል ተኝቶ። ያኔ የሚመልሰው አልተገኘም።

ኢንስፔክተር ገብረጻድቅን ያስጠራው ሐኪሙ ዓለማየሁ ነበር።

«ልቡ ቆሞ በነበረበት ጊዜ አንጎሉ ተጎድቷል» አለ ሐኪሙ። «እንዲያገግም ሰውነቱ መጋል የለበትም። እኛ እናበርደዋለን፤ ጠያቂ ገብቶ ሲወጣ ግን ግሎ እናገኘዋለን። ሦስቱንም ቀን! ዓርብማ ሙቀቱ አርባ አለፈ።»

«ለቤተሰቡ ነግረዋቸው ነበር?»

«ለሚስቱ ለሶፍያ በደንብ አስረድቻታለሁ። እናቱ አማርኛ ስለማይሰሙ እሷ በቋንቋቸው በሲዳሙ አፎ ነገረቻቸው።»

የሟቹ ወንድም ሮቢ ኮሪደሩ ላይ ይንቆራጠጥ ነበር።

«ፀደይ ናት! በየቀኑ ትመጣ ነበር። ዝም ብሎ የማያውቀውን ሰው የሚጠይቅ አለ?»

«ማን ነገረህ?»

«ሶፍያ።»

ነገሩ ውሃ አያነሳም፤ ሴትዮዋ ሞቱን ብትፈልግ ማክሰኞ እጇን አጣጥፋ ብትቆም ይበቃት ነበር። ገብረጻድቅ ወደ ሶፍያ ሄደ።

«ማክሰኞ ሱቁ ስትደርሺ ምን አየሽ?»

«ምን አየሽ ይሉኛል? አፏ አፉ ላይ! ሰው ሁሉ ከቦ እያየ! ሰባት ዓመት አብሬው የኖርኩት ባሌ!»

«እስትንፋስ ስትሰጠው ነው እኮ።»

«ሁሉም እንደዚያ ይላል» አለች ጥርሷን ነክሳ።

ቀጥሎ ከእናቱ ከወይዘሮ ደስታነሽ አጠገብ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። ሲዳሙ አፎ በሚነገርበት ቡሹሎ ያደገ ሰው ነውና በገዛ ቋንቋቸው አዋራቸው። ሲነሳ ፊቱ ጠቁሯል።

ሁሉንም ሐኪሙ ቢሮ ሰበሰባቸው። ፀደይም መጣች።

«ኩማን ያጋለው ጋቢ ነው» ብሎ በአማርኛ ጀመረ። «በላዩ የተደረበበት ጋቢ፣ ብብቱ ሥር ደግሞ ፍል ውሃ በጠርሙስ። ያደረጉት እናቱ ናቸው።»

«እናቴን ነው የምትለው?» ሮቢ ብድግ አለ።

«ተቀመጥ! ስጠይቃቸው አልደበቁም፤ እንዲያውም አላጓደልኩም ብለው ነገሩኝ። ሐኪሙ ያዘዘ መስሏቸው ነው። ነርሶቹ ዘወር ሲሉ ሸፍኑት፣ ብርድ ከመታው አይነሳም ተብለዋል። ሐኪሙ ያለው ተቃራኒውን ነው። በሁለቱ መካከል የነበረው አንድ አፍ ብቻ ነው፤ ያቺው አፍ ናት ፀደይ ላይ ወሬ የነዛችው።»

ዓይን ሁሉ ወደ ሶፍያ ዞረ።

«ነቅቶ ሕይወቴ ያንቺ ናት ሊላት?» ብላ ጮኸች። «እኔ ሚስቱ ቆሜ? ዕድሜ ልኩን እሷን ሲያመሰግን ልኖር?»

«ስሙን እንኳ አላውቀውም ነበር» አለች ፀደይ። «ተርፎ እንደሆነ ልይ ብዬ ነው የመጣሁት።»

ሶፍያ ፊቷን በእጇ ሸፍና ተንሰቀሰቀች። ሮቢ እናቱን ቀና ብሎ ማየት አቃተው።

ወይዘሮ ደስታነሽ ከተባለው አንዲት ቃል አልገባቸውም። ተነስተው ምራታቸውን ደረታቸው ላይ አስጠጉ፤ በነጠላቸው ጫፍ እንባዋን ጠረጉላት።

«አይዞሽ ልጄ፣ አንቺ ያልሽኝን ሁሉ አድርጌለት ነበር» አሏት በሲዳሙ አፎ። ከዚያ ወደ ገብረጻድቅ ዞሩ። «ባሏ የሞተባትን ልጅ ምን ብለህ ነው የምታስለቅሳት?»

ገብረጻድቅ ቋንቋቸውን አሳምሮ ያውቃል። ያላቸው ግን «እግዜር ያጽናዎት» ብቻ ነው።