በትዕዛዙ

በ2001 ዓ.ም. ጥቅምት ወር፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ በመንዝ፣ በዘመሮ ከተማ ትንሽ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አራት ሰዎች ነበሩ። ኃላፊው ጋሽ ተገኘ፣ ቤቱን የሚያጸዱት እትዬ አየለች፣ የአንደኛ ክፍል መምህርቷ ትሕትና፣ አራተኛው ደግሞ ከመስኮቱ ሥር ተቀምጦ የተቀደዱ መጻሕፍትን የሚጠግነው ትዕዛዙ። መካከላቸው በአውቶቡስ የመጣ፣ በሲባጎ የታሰረ ካርቶን ተቀምጧል። ካርቶኑ አዳዲስ የልጆች መጻሕፍት ይዟል።

ትሕትና ሲባጎውን በጥርሷ ልትበጥሰው ታገለች።

«ኧረ በመቀስ! ጥርስሽን ለሠርግሽ አትርፊው እንጂ!» አሉ እትዬ አየለች።

«መቀሱ ትዕዛዙ ጋ ነዋ! እሱን ከማናገር ሲባጎ ማኘክ ይቀላል።»

ትዕዛዙ ቀና ሳይል መቀሱን ዘረጋላት። ጆሮው ጋለ።

ትምህርቱን ከስምንተኛ ክፍል ነው ያቆመው። ዐይን አፋር ነው። ሰው ሲያናግረው ወደ ሙጫው ያጎነብሳል። በፊደል ግን የሚደፍረው የለም። ጋሽ ተገኘ እንኳ ለወረዳው ደብዳቤ ሲጽፉ «ትዕዛዙ፣ ኃላፊ በየትኛው ሀ ነው?» ብለው ነው የሚጀምሩት። ትሕትና ከራቤል ተቀጥራ ከመጣች አንድ ዓመቷ ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ትዕዛዙ ቅዳሜን ይጠብቃል። ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆች ሰብስባ ታነባለች፤ ስታነብ እርሳሷን ሹሩባዋ ውስጥ ትሰካለች፤ ከዚያ እርሳሱ የት እንደገባ ረስታ ትፈልጋለች። እሱ የት እንዳለ ያውቃል። ግን አይናገርም።

አንድ ልማድ ነበራት። መጽሐፍ ከመግለጧ በፊት ልጆቹን ትጠይቃለች፦

«ማን ጻፈው?»

ልጆቹ የደራሲውን ስም ይጮኻሉ፤ ያጨበጭባሉ።

«ማን ሣለው?»

የሠዓሊውንም ስም ይጮኻሉ፤ ያጨበጭባሉ። በዚያን ዘመን ብዙ መጻሕፍት የሠዓሊውን ስም አይጽፉም ነበርና ትሕትና አዲስ መጽሐፍ ስታገኝ መጀመሪያ የምትፈልገው እሱን ነው።

ያን ቀን ከካርቶኑ ሥር አንድ ቀጭን መጽሐፍ አወጣች። «አልሸለትም!» ይላል። ጸጉሬን ዝተት ለሚባለው የሱፍ ብርድ ልብስ አልሰጥም ብላ ጉም ውስጥ ስለተደበቀች በግ ነው።

ገጹን ገለጠች። ሌላ ገለጠች።

«እትዬ አየለች፣ ኑ እዩ! ይቺ የድንጋይ አጥር... ይኼ ጉም... ይኼ ሰው መንዝን ያውቃል! በጓም ብትሆን ልክ የኛ በግ ስታኮርፍ እንደምትሆነው!»

መጨረሻው ገጽ ላይ ለልጆች የምታነብ ሴት ተሥላለች። ሹሩባዋ ውስጥ እርሳስ ተሰክቷል። ትሕትና እጇን ሳታስበው ወደ ጸጉሯ ሰደደች። እርሳሷ እዚያው ነበር።

ቶሎ ብላ ወደ መጀመሪያው ገጽ ተመለሰች። «ድርሰት፦ ጫኔ አበጋዝ» ይላል። ከሥሩ፣ «ሥዕል፦ በትዕዛዙ።»

«በትዕዛዙ! ትዕዛዙ... አንተ ነህ እንዴ?»

ጋሽ ተገኘ ሣቃቸውን ለቀቁት። «የኛው ትዕዛዙ? ሙጫ ሲቀባ ጣቱ ከወረቀት ጋር የሚጣበቅበት?»

«እሱ ከሣለማ እኔም ነገ ጳጳስ ነኝ!» አሉ እትዬ አየለች።

እሱ ነበር የሣለው። ጋሽ ጫኔ ቀየት የምትባል መንደር ተወላጅ ናቸው፤ አዲስ አበባ የሚኖሩ ጡረታ የወጡ መምህር። ዐምና ተረት ሊሰበስቡ መጥተው፣ ትዕዛዙ የጠገናቸው መጻሕፍት ጀርባ ላይ በድብቅ የሣላቸውን ትንንሽ ሥዕሎች አዩ። «ለኔ መጽሐፍ ትሥልልኛለህ፣» አሉት። ዐሥራ ስድስት ሥዕሎች ሣለ። ሲልክላቸው «በትዕዛዙ» ብሎ ስሙን ጻፈ፤ የአባቱን ስም ሊጨምር ሲል እጁ እምቢ አለው። ከነአባቱ መጻፍ መኩራራት መሰለው።

አሁን ሦስት ሰው ያየዋል። የሚጠበቅበት «አዎ» ማለት ብቻ ነው።

«ኧረ እኔ አይደለሁም፣» አለ።

«ታዲያ ማነው?»

«ስም አይደለም... በትዕዛዝ የተሣለ ማለት ነው። ማተሚያ ቤቱ አዝዞ ያሣለው። ስም ቢሆን ኖሮ የአባት ስም ይኖረው ነበር።»

ትሕትና ገጹን ደግማ አየችው።

«እውነትህን ነው። ሰው ያለ አባቱ ስም አይጻፍም...» ድምፅዋ ዝቅ አለ። «እንዲህ የሚሥል ሰው፣ ስሙን ነጥቀውት!»

ትዕዛዙ ወደ ሙጫው አጎነበሰ።

ከዚያ ወዲህ በየቅዳሜው ይሰማል።

«ማን ጻፈው?»

«ጫኔ አበጋዝ!» ጭብጨባ።

«ማን ሣለው?»

«ስሙ የጠፋ ሰው!» ጭብጨባ።

ልጆቹ ከሁሉም በላይ ለዚህ ነበር የሚያጨበጭቡት።

ኅዳር ላይ ትሕትና ወንበር ስባ ከጠረጴዛው ፊት ተቀመጠች።

«ትዕዛዙ፣ ጽሕፈትህ ያምራል፤ ፊደልም አትስትም። ለዚያ ሠዓሊ ደብዳቤ ጻፍልኝ። በማተሚያ ቤቱ በኩል ይደርሰው ይሆናል።»

እስክሪብቶውን አነሣ።

«ለማላውቅህ ሠዓሊ በል... ስምህን ወስደው ትዕዛዝ ብለው ጻፉብህ። እኔ ግን ስምህን እፈልጋለሁ። በመጨረሻው ገጽ እርሳስ ሹሩባዋ ውስጥ የሰካች ሴት አለች። እኔም እንዲሁ አደርጋለሁ። እዚህ ከተማ ስመጣ ዘመድ አልነበረኝም። ዓመት ሙሉ ማንም ልብ ብሎ ያየኝ አይመስለኝም ነበር። አንተ ሳታውቀኝ እንዴት አየኸኝ? የማውቅህ ያህል ናፍቀኸኛል...»

እስክሪብቶው ቆመ።

«እሱንም ልጻፈው?»

«ጻፈው! ምን አሳፈረኝ? የማያውቀኝ ሰው ነው።»

ጻፈው። ትሕትና ከትከሻው በላይ አጮለቀች።

«ቆይ... ሠዓሊ በንጉሡ ሠ ነው አላልከኝም? በእሳቱ ሰ ጽፈኸዋል!»

«ነው... ሳትኩ።»

«አንተም ትስታለህ!» ብላ ሣቀች። ሣቋ ቤቱን ሞላው። ትዕዛዙ ያን ሣቅ ዕድሜውን ሁሉ አልረሳውም።

ደብዳቤው ሄደ። ጥር ላይ ለትዕዛዙ አንድ ወፍራም ፖስታ መጣለት። ከፈተው። የገዛ ጽሕፈቱ ተመልሶ መጥቷል። ማተሚያ ቤቱ ደብዳቤውን የሰጣቸው ጋሽ ጫኔ ከላዩ ጽፈዋል፦ «ይህ ያንተ ነው። ለልጅቷ መልስ ስጣት። የሁለተኛ መጽሐፌን ጽሑፍም ልኬልሃለሁ፣ ሣልልኝ። ለፋሲካ ታትሞ ይደርሳል።»

ደብዳቤውን ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተው። በአፉ ሊነግራት አልቻለም። አፉ አንድ ቀን ከድቶታል። «መጽሐፉ ይናገርልኛል፣» አለ በልቡ። ሁለተኛውን መጽሐፍ ሥሎ ሲጨርስ፣ በትልልቅ ፊደል «ትዕዛዙ እምሩ» ብሎ ጻፈና ላከ። መጽሐፉ ሲመጣ እጇ ላይ ያስቀምጥላታል። እስከዚያ ይጠብቃል።

ትሕትና አውቶቡስ በመጣ ቁጥር ትገባለች።

«ለኔ ደብዳቤ የለም?»

«የለም።»

ውሸት አልነበረም። ለሷ የመጣ አልነበረም።

የካቲት ላይ መጠየቋን ተወች። መጋቢት ላይ፣ መጻሕፍት እየደረደረች፣ ጀርባዋን ሰጥታው ተናገረች።

«አባቴ ጋ ሽማግሌ ተልኳል።»

ሙጫው የትዕዛዙ እጅ ላይ ደረቀ።

«ማን?»

«ምስክር ይባላል። ራቤል የእንስሳት ሐኪም ነው። ክፉ ሰው አይደለም።»

«አንቺስ... ምን አልሽ?»

«እስከ ፋሲካ ጊዜ ስጡኝ አልኩ። ሞኝነት ነው፣ አውቃለሁ... ደብዳቤ እየጠበቅሁ!» ልትሥቅ ሞከረች፤ አልሆነላትም።

«ትሕትና...»

«ወዬ?»

ዞረች። ዐይኗ ዐይኑ ላይ ዐረፈ። ደብዳቤው ኪሱ ውስጥ ነበር፤ ወረቀቱ ሲንኮሻኮሽ ይሰማዋል።

«ፋሲካ... ሩቅ ነው፣» አለ።

ትንሽ ጠበቀችው። ከዚያ ወደ መደርደሪያዋ ተመለሰች።

«ሩቅ አይደለም፣» አለች።

የሕማማት ሳምንት አውቶቡስ መጣ፤ ካርቶን አልነበረበትም። ትሕትና ለበዓሉ ራቤል ሄደች። ካርቶኑ የደረሰው ከፋሲካ በኋላ ባለው ሐሙስ ነው። ትዕዛዙ ራሱ ተሸክሞ አስገባው። ማንም ሳያይ ከፈተው። ስሙ ነበር፤ ከነአባቱ።

ከሰዓት በኋላ ትሕትና ገባች። ነጭ ነጠላ ለብሳለች። እጇ ላይ መጽሐፉን አኖረላት።

«አዲስ ነው!» አለች። እንደ ልማዷ መጀመሪያ ስሙን ፈለገች። «ሥዕል፦ ትዕዛዙ እምሩ...»

ከዚያ ወዲያ አላነበበችም።

«እኔ ነኝ፣» አለ።

«የፊተኛውስ?»

«እሱም።»

ደብዳቤውን ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረው። ማጠፊያው አልቆ ሊቀደድ ደርሷል።

«መቼ ደረሰህ?»

«በጥር።»

«በጥር! ለኔ ደብዳቤ የለም ስትለኝ...»

«መጽሐፉ እስኪመጣ ብዬ ነው። በአፌ አልሆንልህ አለኝ... በወረቀት ላሳይሽ ብዬ ነው።»

ትሕትና ወንበሩ ላይ ተቀመጠች፤ ደብዳቤውን ያስጻፈችበት ወንበር ነበር።

«ጠይቄህ ነበር እኮ፣ ትዕዛዙ። አንተ ነህ እንዴ ብዬህ ነበር።»

«አዎ።»

«አይደለሁም አልከኝ። ሌላ ሰው ቢሆን እጠራጠር ነበር። አንተን ግን አመንኩህ። አንተ በፊደል እንኳ አትዋሽም።»

ትዕዛዙ አጎነበሰ። እንባው ሙጫው ሳህን ውስጥ ወረደ።

«እሁድ ዕለት እሺ አልኩ፣» አለች። «አባቴ ቃል ሰጥቷል። ዛሬ ሐሙስ ነው።»

«ቃሉ አይመለስም?»

«ሰውየው ምን በደለኝ? ስሙን ከነአባቱ ተናግሮ ነው ደጃችን የመጣው።»

ውጪ የአውቶቡሱ ጥሩንባ ተሰማ።

«ደብዳቤውን... ውሰጂው፣» አለ።

«ያንተ ነው። ጽሕፈቱም ያንተ ነው። ቃሉ ብቻ ነበር የኔ።» ድምፅዋ ተሰበረ። «እሱንም ሰጥቼህ ነበር።»

ተነሣች። ከመደርደሪያው «አልሸለትም!»ን አወጣች። እርሳሷን ከሹሩባዋ ነቀለችና የመጀመሪያውን ገጽ ገለጠች። «በትዕዛዙ» ከሚለው ላይ «በ»ን ሠረዘች። ከጎኑ «እምሩ» ብላ ጨመረችበት። እርሳሷን ጠረጴዛው ላይ ትታ ወጣች።

በመጨረሻው ቅዳሜዋ ልጆቹን ሰበሰበች።

«ማን ጻፈው?»

«ጫኔ አበጋዝ!»

«ማን ሣለው?»

«ስሙ የጠፋ ሰው!»

«ተገኝቷል፣» አለች። «ትዕዛዙ እምሩ ይባላል። ያውላችሁ፣ መስኮቱ ሥር የተቀመጠው።»

ልጆቹ በአንድነት ዞሩ። «ትዕዛዙ እምሩ!» ብለው ጮኹ፤ ጭብጨባው ጣራውን አንቀጠቀጠው። ጋሽ ተገኘ መነጽራቸውን አውልቀው አፈጠጡበት።

«በሉ እንግዲህ፣ ጵጵስናዬን አም...» ብለው ጀመሩ እትዬ አየለች። የትሕትናን ፊት አዩ። ከዚያ የትዕዛዙን። ቀሪውን ዋጡት፤ መጥረጊያቸውን አንሥተው ወጡ።

ትሕትና ማንበብ ጀመረች። እጇ አንድ ጊዜ ወደ ሹሩባዋ ሄዶ ባዶውን ተመለሰ።

በግንቦት ትሕትና ራቤል ለምስክር ተዳረች፤ ሥራዋንም ወደዚያው አዛወረች። ቅዳሜን ሌላ መምህርት ያዘችው። ትዕዛዙ ከዚያ በኋላ አራት የልጆች መጻሕፍት ሣለ። በአራቱም ላይ ስሙ ከነአባቱ ተጽፏል። በአንዳቸውም ውስጥ ሹሩባዋ ላይ እርሳስ የሰካች ሴት የለችም።