አልጋዋን ራሷ የምታነጥፍ መንገደኛ

ለምኔ ወላጆቿ ያወጡላት ስም አይደለም። አፏን ከፈታች ጀምሮ «ለምን?» ማለት ስላልተወች አባቷ በሕይወት ሳለ የለጠፈባት ቅጽል ነው። ትክክለኛ ስሟን የሚያውቁት መታወቂያዋና የምትሠራበት መነጽር ቤት ብቻ ናቸው ቢባል ማጋነን አይሆንም። መነጽር ቤቱም ውስጥ ቢሆን የተሰበረ ፍሬም ሲመጣላት እንዴት እንደተሰበረ ሳትጠይቅ አትለቅም። አንዳንዱ ደንበኛ መነጽሩን አስጠግኖ፣ የትዳሩን ጉድ አጫውቶ ነው የሚወጣው።

እናትና ልጅ መርከብ ላይ የወጡት በእናትየው ጡረታ ሰበብ ነበር። እናቷ ዕድሜዋን ሙሉ የአንድ ትልቅ ሆቴል የመኝታ ክፍሎች ኃላፊ ሆና ሠርታለች። ስትሰናበት ባልደረቦቿ «እስቲ አንዴ እንኳ ሌላ ሰው ያንጥፍልሽ» ብለው፣ በደሴቶች መካከል በምትዞር አነስተኛ የሽርሽር መርከብ ላይ የሁለት ሰው ቦታ ያዙላት።

ክፍሉን ቀድማ ያየችው ለምኔ ናት። በሩን ከፍታ ደፉ ላይ ቆመች። ማስታወቂያው ላይ ካየችው ፎቶ ያንሳል፤ ግን ከፎቶው ይልቅ ደስ ይላል። ሁለቱ አልጋዎች እንደ ተኳረፉ እህትማማቾች ግድግዳ ግድግዳውን ይዘው ተኝተዋል፤ በመሐላቸው ሰው በጎኑ ካልሆነ አያልፍም። ከራስጌ በላይ ክብ መስኮት አለ፤ ውሃው ከመስኮቱ ግርጌ ጋር ሊስተካከል ምንም አልቀረው። እያንዳንዱ መሳቢያ፣ ማዕበል ሲመጣ እንዳይከፈት፣ ትንሽ የናስ መቀርቀሪያ ተበጅቶለታል። ለምኔ መሳቢያዎቹን አንድ በአንድ ከፈተች፣ ዘጋች፣ መልሳ ከፈተች። አልጋው ሥር ተንበርክካ ብርቱካናማ የመንሳፈፊያ ጃኬቶች አገኘች። መታጠቢያ ቤቱም ገባችና፣ መቀመጫው ላይ እንደተቀመጡ እጅን መታጠብ እንደሚቻል አረጋግጣ እየሳቀች ለእናቷ ነገረቻት።

እናቷ አልሳቀችም። በጠቋሚ ጣቷ የመብራቱን አናት እየጠረገች ነበር። ጣቷን አየችው። አቧራ የለም። ትንሽ ቅር ያላት መሰለች።

ይኼኔ ከግድግዳው ወዲያ የወንድ ድምፅ ተሰማ።

«እንኳን ወደ መርከባችን በደህና መጣችሁ። እኔ የክፍላችሁ አስተናጋጅ ነኝ። በቆይታችሁ... በቆይታችሁ...» ጉሮሮውን ጠረገ። ከዚያ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረ።

ለምኔ ጆሮዋን ግድግዳው ላይ ለጠፈች። እናቷ በዓይኗ ተቆጣቻት፤ ከቦታዋ ግን አልተነቃነቀችም።

ብዙም ሳይቆይ በሩ ተንኳኳ። የገባው ሰው ረጅም ስለነበር በበሩ ለማለፍ ራሱን ዝቅ አደረገ። የሥራ ልብሱ እጅጌ አጥሮበታል፤ በክንዱ ፎጣ ታቅፏል። «እንኳን ወደ መርከባችን በደህና መጣችሁ» ብሎ ጀመረ። በደንብም ሄደለት። «በቆይታችሁ» ላይ ሲደርስ ግን ቃሉ ጠፋው። ጣሪያውን አየ፣ ፎጣውን አየ።

«ወቅት» አለች ለምኔ በቀስታ።

ዓይኑን ወደ እሷ መለሰ። ፊቱ ላይ ሳቅና ሐፍረት ተደባለቁ። «ተሰማ እንዴ?»

«ግድግዳው ቀጭን ነው።»

«እንግዲያው የቀረውን ያውቁታል» አለና ፎጣውን አስቀምጦ፣ እጅ ነስቶ ወጣ። ሲወጣ ራሱን ዝቅ ማድረጉን ረስቶ ጉበኑ መታው።

እናቷ ፍርዷን ወዲያው ሰጠች። አዲስ ነው፤ ፎጣውን ያለቦታው አስቀምጦታል፤ የጫማው ክርም አልታሰረም። ለምኔ ግን በሩ ከተዘጋ በኋላም በሩን ታይ ነበር። እንዲህ የሚያፍር ሰው የማያውቃቸውን ሰዎች በር እያንኳኳ ለመኖር ለምን መረጠ?

በማግስቱ ስትነቃ የእናቷ አልጋ ተነጥፏል። አንሶላው እንደ ከበሮ ቆዳ ተወጥሯል፤ ማዕዘኖቹ እንደ ፖስታ ታጥፈዋል። እናቷ የእሷንም ልታነጥፍ ወንበሩ ላይ ቁጭ ብላ መነሳቷን ትጠብቃለች።

«እማዬ፣ የሚያነጥፍልን ሰው አለ እኮ።»

«እጄ ሥራ ፈትቶ አያውቅም» አለች እናቷ። «ተነሺልኝ በይ።»

ከቁርስ በኋላ ለምኔ ሻርፗን ልትወስድ ስትመለስ አስተናጋጁን ክፍሉ መሐል ቆሞ አገኘችው። የሚሠራው አጥቶ የእናቷን አልጋ ማዕዘን በጣቱ ጫፍ ይነካል፤ ሙዚየም የገባ ሰው ይመስላል። ምንም ሳይሠራ ላለመውጣት ብሎ አንዱን ፎጣ ጠቅልሎ ትራሷ ላይ የሆነ ቅርጽ አስቀምጧል። ለምኔ በግራም በቀኝም ዞራ አየችው።

«ጫማ ነው?»

«ዝሆን ነው» አለ። ትንሽ አሰበና፣ «ሊሆን ነበር» ብሎ ጨመረ።

ሳቋ አመለጣት። እሱም ሳቀ፤ ወዲያው ግን ወደ በሩ ተመለከተና ሳቁን ዋጠው።

የመርከቧ ደንብ ሠራተኛ ከመንገደኛ ጋር እንዲቀመጥ አይፈቅድም። ስለ መቆም ግን የሚለው ነገር የለም። ስለዚህ ከዚያ ቀን ወዲህ በጠባቧ ኮሪደር እሱ የፎጣ ጋሪውን ተደግፎ፣ እሷ በሩን ተደግፋ መቆም ለመዱ። ለምኔ ያልጠየቀችው አልነበረም። ሠራተኞቹ የት ይተኛሉ፣ መርከቧ ስትወዛወዝ የወጥ ቤቱ ድስት ለምን አይገለበጥም፣ ካፒቴኑ ይስቃል ወይ? እሱ የሚያውቀውን ይመልሳል፤ የማያውቀውን ጠይቆ በማግስቱ ይዞላት ይመጣል። ቀድሞ የከተማ አውቶቡስ ትኬት ቆራጭ እንደነበረም እንዲሁ ነገራት።

«ለምን ተውከው?»

«መጨረሻው ፌርማታ ላይ ስንደርስ ሹፌሩ ይዞራል። በየቀኑ። መንገዱ ግን አላለቀም፤ ወደ ፊት ይቀጥላል። ከዚያ ወዲያ ምን እንዳለ ሳላውቅ ላረጅ ነው ብዬ ፈራሁ።»

ለምኔ ይህ የማወቅ በሽታ የእሷ ብቻ ይመስላት ነበር። ዓይን ለዓይን ተያዩ። መርከቧ ዘንበል ስትል ጋሪው ቀስ ብሎ ተንሸራተተ፤ ሁለቱም አልያዙትም።

ነገሩ የተበላሸው የክፍሎቹ ኃላፊ ለቁጥጥር የዞረች ዕለት ነው። መነጽሯን በአንገቷ ያንጠለጠለች፣ ንግግር የማታበዛ ሴት ነበረች። የእናትና ልጅን አልጋዎች አይታ ተደነቀች። ቀጥላ የጎረቤቱን ክፍል ስትከፍት አንሶላው እንደ ተኮማተረ ወረቀት ተሸብሽቧል። ሁለቱ የአንድ ሰው ሥራ ናቸው ወይ ብላ አስተናጋጁን ጠየቀችው። አዎ ቢላት ይታለፍ ነበር። እሱ ግን ያኛውን ክፍል እንግዶቹ ራሳቸው እንደሚያነጥፉት ነገራት። ኃላፊዋ በሌላ ተረጎመችው፦ ለሽርሽር መጥቶ አልጋውን ራሱ የሚያነጥፍ መንገደኛ በአገልግሎቱ የተማረረ መሆን አለበት። በዚያው ዕለት አስተናጋጁን ወደ ታች፣ ወደ ልብስ ማጠቢያው ክፍል አወረደችው። በዚህ ከቀጠለ ሲመለሱ ሥራው ወደብ ላይ እንደሚያበቃም ነገረችው።

በማግስቱ የመጣው ሌላ አስተናጋጅ ነበር። ቀልጣፋ ነው፤ ቃል አይጠፋውም፤ ትራሱ ላይ የተዋጣላት የፎጣ ወፍ አስቀምጦ ሄደ። ለምኔ ወፏን አየቻት። ወፍ ናት። የሚጠየቅ ነገር የላትም።

ተከትላው ወጥታ ያኛው የት እንደገባ ጠየቀችው። የሆነውን ሁሉ ነገራት። ቀጥ ብላ እናቷ ዘንድ ሄደች። እናቷ ከላይ፣ ሰገነቱ ላይ ሻይ ትጠጣለች። ወሬውን ሰምታ ስትጨርስ ብርጭቆውን አስቀመጠች።

«በእኔ አልጋ የተነሳ?»

ነጠላ ጫማዋን አስተካክላ ተነሳች፤ ለምኔም ከኋላዋ ተከተለቻት። የኃላፊዋ ቢሮ ከአንድ ቁም ሣጥን አይበልጥም፤ እናቷና ኃላፊዋ ጉልበት ለጉልበት ተነካክተው ተቀመጡ፤ ለምኔ በሩ ላይ ቆመች። እናቷ ማን እንደነበረችና የት እንደሠራች በአጭሩ ተናገረች። ከዚያ እንዲህ አለች፦

«ልጁ ጥፋት የለበትም፤ ጥፋቱ የእጄ ነው። እኔም እርስዎ ወንበር ላይ ተቀምጫለሁ። አንሶላ መወጠር በሳምንት ይለመዳል። እውነት የሚናገር ሠራተኛ ግን እንዳሻዎት አያገኙም።»

ኃላፊዋ መነጽሯን አደረገች፣ መልሳ አወለቀች። «ነገ ጠዋት አልጋውን ሳይነኩ ይተዉልኛል?»

«እሞክራለሁ» አለች እናቷ፤ ከልቧ ነበር።

በነጋታው አስተናጋጁ ተመለሰ። እጁ በሳሙና ብዛት ቀልቷል። እናቷ ወንበሩ ላይ ተቀምጣ፣ ሁለት እጇን በጉልበቶቿ መሐል ይዛ ሲያነጥፍ ተመለከተች። የመጀመሪያውን ማዕዘን ችላ አሳለፈችው። ሁለተኛው ላይ ግን፣ «ልጄ» ብላ ተነሳች። መጀመሪያ አንሶላውን እንዲለቀው፣ ከዚያ በመዳፉ እንጂ በጣቱ እንዳይጎትተው አሳየችው። ሦስተኛውን ማዕዘን ራሱ ሠራው። አራተኛውን ሲሠራ ቀና ብሎ ያየው የማንን ፊት እንደሆነ እናቷ አስተውላለች።

ከሰዓት በኋላ እናትና ልጅ ሰገነቱ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሳለ እናቷ አነሳችው።

«ጥሩ ልጅ ነው። ጥሩ ስለሆነ ነው የምነግርሽ። ይህን ሥራ አውቀዋለሁ። ሰው በሚያርፍበት ቀን ሁሉ የምትሠሪበት ሥራ ነው። አንቺ አሞሽ ስትተኚ እኔ የሌላ ሰው ትራስ እቀይር ነበር። ደጅ ደጁን እያየሽ እንድታረጂ አልፈልግም።»

ለምኔ ወደ እናቷ ዞረች። «እማዬ፣ ያልጠየቅኩሽ ነገር የለም። አንድ ነገር ግን ጠይቄሽ አላውቅም። ሥራሽን ትወጂው ነበር?»

እናቷ ዓይኗን ባሕሩ ላይ ተከለች። አንዲት ደሴት ቀስ እያለች ከፊታቸው አለፈች።

«እወደው ነበር» አለች በመጨረሻ። «ትቼሽ ስወጣ ይከፋኝ፣ እዚያ ስደርስ ግን ደስ ይለኝ ነበር። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።»

«እኔ አውቅ ነበር። ስትመለሺ ፊትሽ ይነግረኝ ነበር። እንግዳው ምን ረስቶ እንደሄደ፣ ማን ከማን እንደተኳረፈ ስታወሪልኝ እንቅልፍ እንቢ ይለኝ ነበር። እኔ የማስታውሰው ያልነበርሽበትን ቀን አይደለም። የመጣሽበትን ነው።»

እናቷ የልጇን እጅ ወስዳ ጭኗ ላይ አሳረፈችው፤ እስኪመሽም አልመለሰችላትም።

መርከቧ ወደ ወደባቸው በተመለሰችበት ጠዋት ሠራተኞቹ በመውረጃው ግራና ቀኝ ተሰልፈው መንገደኞቹን ይሰናበቱ ነበር። አስተናጋጁ እናቷን እጅ ነስቶ አመሰገናት። ለምኔ ፊቱ ስትቆም ግን የስንብቱን ቃል አንዱንም አላመጣውም። እሷም ለመጀመሪያ ጊዜ የምትጠይቀው አልነበራትም፤ ወይም ነበራት፣ ደፍራ ማውጣቱ ተሳናት። ከኋላ ሻንጣ የያዙ ሰዎች ተደረደሩ።

እናቷ ወርዳ ከጨረሰች በኋላ ተመልሳ ወጣች።

«ሌላ መንገደኛ እስክትጭኑ እረፍት የላችሁም?» አለችው።

«ግማሽ ቀን አለን፣ እማማ።»

«ምሳ ግማሽ ቀን አይፈጅም። ከዓሣ ገበያው ጀርባ፣ ሰማያዊ በር። ካልጠፋብህ።»

ለምኔ እናቷን አየቻት፤ እናቷ ሰማዩን አየች። አስተናጋጁ ወደ ለምኔ ዞረ።

«ትጠብቂኛለሽ?»

እስካሁን ይላት የነበረው «እርስዎ» እዚያው መርከቧ ላይ ቀረ። ለምኔ በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች።

መጣ። ሸሚዙን ተኩሶ፣ የጫማውን ክር አጥብቆ አስሮ መጣ። ምሳ ተበልቶ እንዳበቃ ከልማዱ የተነሳ ሰሃኖቹን ሊያነሳ ብድግ ሲል እናቷ ክንዱን ይዛ አስቀመጠችው። ዛሬ እንግዳ ነህ፣ ለወደፊቱ እንነጋገርበታለን አለችው። ከዚያም መርከቧ ወደቡን በረገጠች ቁጥር ሰማያዊው በር ይንኳኳ ጀመር።

ቀላል ነበር ማለት አይደለም። አንዴ መርከቧ ለጥገና ሩቅ ወደብ ቆማ ስትቀር ለምኔ መነጽር ቤቱ ውስጥ ደንበኛን መጠየቅ ሁሉ አስጠልቷት ሰነበተች። እናቷ አላጽናናቻትም፤ ነግሬሽ ነበርም አላለቻትም። ማታ ማታ አብራት ቁጭ ትል ነበር። ልጁ ሲመለስ ከስቶ፣ ጠቁሮ ነበር። ከዚያ በኋላ ብዙም ሳይቆዩ ተጋቡ።

አሁንም ሥራው ባሕር ላይ ነው። የሚመጣ ቀን ለምኔ ከመነጽር ቤቱ ቀደም ብላ ትወጣለች፤ ሻንጣውን ሳያስቀምጥ ጥያቄ ትጀምርለታለች። የት ደረሳችሁ፣ ማን ተሳፈረ፣ ምን አየህ? እሱም ተቀምጦ፣ እጇን ይዞ፣ ከመጀመሪያው ጀምሮ ይነግራታል። እናቷ ጓዳ ሰሃን ታጥባለች። ለባልና ሚስት ወሬ ጆሮ እንደሌላት እንዲታወቅላት ውሃውን ከፍ አድርጋ ትለቀዋለች። ወሬው መሐል ላይ ሲደርስ ግን ቧንቧው ይዘጋል።

«ከዚያስ?» ትላለች ከወዲያ።