ጭብጨባው የሳምሪ

አዳራሹ በጭብጨባ ሲናጥ ትህትና እጆቿን ጉልበቷ ላይ አጣምራ ተቀመጠች። ታላቅ እህቷ ሳምሪ ስለ ምርምሯ ተናግራ ጨርሳ መድረኩ ላይ ቆማ ፈገግ ብላለች።

«ዶክተራችን!» አለ የሰንበት ትምህርት ቤቱ ኃላፊ ልሳነወርቅ።

ዶክተር! ማን ሾማት? ገና ሜዲካል ስኩል እንኳ አልገባችም። ላብራቶሪ ውስጥ በረዳት ተመራማሪነት መሥራት ከጀመረች ዓመት ቢሞላት ነው።

ቅናት መሆኑን ትህትና ታውቃለች። ሳምሪ የምታጠናው፣ ሰውነት የገዛ ጡንቻውን እንደ ጠላት የሚያጠቃበት፣ ስሙ እንኳ ምላስ የሚያስተሳስረው በሽታ የትህትና በሽታ ነው። በየሳምንቱ መርፌ የምትወጋው እሷ፣ በመድኃኒቱ ፊቷ ያበጠው እሷ። ጭብጨባው ግን የሳምሪ። እናታቸው ጌጤነሽ ደግሞ እግሯን ምን ነካት ብሎ ለጠየቃት ሁሉ «ኳስ ስትጫወት ወድቃ ነው» ትላለች። ትህትና ኳስ ነክታም አታውቅ።

ዛሬም ከሚኖሩበት ከሲልቨር ስፕሪንግ ወደዚህ፣ አሌክሳንድሪያ ወዳለው አዳራሽ ሲመጡ ሳምሪ መኪና ውስጥ፣ «ማሚ፣ ስለ ትህትና ላውራ?» ብላ ነበር።

«የሰው አፍ ውስጥ ልትከቻት ነው? እንዳትሞክሪያት!»

ትህትና በመስኮት እያየች ዝም አለች።

አሁን አንድ ልጅ ማይክ ተቀበለ። «በሽታው በጣም ሬር ነው፣ ብዙ ሰው የለበትም አይደል? ሶ፣ ለምን እሱን መረጥሽ?»

የሳምሪ ዓይን እናቷን ፈለገ። «ያው… ፕሮፌሰሬ አሳይን አድርጎኝ፣ እሱ መድቦኝ ነው» አለች።

ውሸታም! ትህትና ተነስታ ልታሳፍራት፣ ያን ሁሉ ጭብጨባ ልታስመልሳት አማራት። ግን ሳምሪ አንገቷን ደፍታለች። እንዲህ ሆና አይታት አታውቅም። እኔም እኮ መኪና ውስጥ ዝም ብያለሁ፣ አለች በልቧ።

እጇን አወጣች።

«አውርጂ!» እናቷ ቀሚሷን ይዛ ጎተት አደረገቻት።

ልሳነወርቅ ግን አይቷታል። «እሺ፣ ታናሿ! ጥያቄ አለሽ?»

ትህትና የፊቱን ወንበር መደገፊያ በሁለት እጇ ይዛ በስንት ጣር ተነሳች። ሰው ሁሉ ዞረ። ሳምሪ ከመድረኩ ላይ ራሷን ነቀነቀች፤ ግድ የለም፣ ተዪው ማለቷ ነው።

«ጥያቄ አይደለም» አለች ትህትና ማይኩን ተቀብላ። «የልጁን ጥያቄ እኔ ልመልስለት ነው። የታመምኩት እኔ ነኝ።»