የኡልጃን ቁጥር

"ኮዱን ንገሪኝ።"

"አልደረሰም።"

"ሲርገበገብ ሰምቻለሁ! ኪስሽ ውስጥ ነው ያለው።"

"የእናቴ መልእክት ነው።"

"እናትሽ ደግሞ መጻፍ የጀመረችው መቼ ነው?" አለና ሳቀ። ባሌ ዳውረን ይበልጥ የሚያስፈራው ሲስቅ ነው።

አታምኑኝ ይሆናል፤ አልፈርድባችሁም። ከዚህ በታች ባለው ላይ ግን አንዲት ቃል አልጨመርኩም። ቀኑ አርብ ነው። ሰዓቱ ከቀኑ ስምንት። ቦታው ሺምከንት ከተማ፣ የአማቴ ቤት፣ ወጥ ቤት ውስጥ። ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ ወለሉ ላይ ተዘርግታለች፤ ጎረቤት ሬዲዮ ከፍቷል።

ጨለማ አልነበረም። ይህን አስታውሱልኝ...

የተጣላነው በሕክምና መዝገቤ ነው። የሰፈራችን ክሊኒክ መዝገብን በስልክ ማየት የሚያስችል መተግበሪያ አለው። ለመክፈት ባለ ስድስት አኃዝ ኮድ ያስፈልጋል፤ ኮዱ የሚላከው ደግሞ ወደ ታካሚዋ ስልክ ነው። ዳውረን በራሱ ስልክ ላይ ስሜን አስገብቶ ኮዱን እየጠበቀ ነበር። ከተጋባን ሁለት ዓመት ሆኖናል፤ ልጅ የለም። ለምን እንደሌለ ማወቅ ፈልጓል።

እኔ አውቃለሁ። መዝገቤ ላይ አንዲት መስመር አለች፦ ሉፕ ገብቶላታል።

ከስምንት ወር በፊት፣ የጎድን አጥንቴን በሰበረ በሳምንቱ፣ ለማንም ሳልናገር ያስገባሁት የእርግዝና መከላከያ ነው። ያቺን መስመር ቢያነባት ከዚያ ቤት በእግሬ አልወጣም።

"ባልና ሚስት ምን ምስጢር አላቸው?" አለኝ።

አማቴ ፊታቸውን ከመጥበሻው ሳያዞሩ ገቡበት። አፓ ነው የምንላቸው። "እኔ ሐኪም ጋ ስሄድ አማቴ አብራኝ ትገባ ነበር። ያንቺ ገላ ከምን ቢሠራ ነው፣ ሙሽሪት?"

የአርብ ቂጣ እየጠበሱ ነበር። በየሳምንቱ ለሞቱ ዘመዶች ሰባት ስስ ቂጣ በዘይት ይጠበሳል፤ ሽታው እነሱ ጋ ይደርሳል ይባላል። ከዚያ ጎረቤት ተጠርቶ ጸሎት ይደረጋል፤ የሟቾቹም ስም ይጠራል።

በሁለት ዓመት ውስጥ የኡልጃን ስም ሲጠራ ሰምቼ አላውቅም።

ኡልጃን የዳውረን የመጀመሪያ ሚስት ናት። ከሦስት ዓመት በፊት ከምድር ቤቱ ደረጃ ወድቃ ሞተች ተብሏል። የምድር ቤቱ መግቢያ እዚያው ወጥ ቤት ወለል ላይ ያለ ከባድ የእንጨት ክዳን ነው።

ስልክ ቁጥሬ የእሷ ነበር። መጨረሻው ላይ ሰባት አራት ጊዜ ስለሚደጋገም አፓ እንዲህ ያለ ቆንጆ ቁጥር አይጣልም ብለው ሲም ካርዱን ከቁልፍና ከክር ጋር በጣሳ አስቀምጠውት ነበር። ሙሽራ ሆኜ በገባሁ ዕለት መዳፌ ላይ አኖሩልኝ።

ሉፑን ያስገባችልኝ ነርስ ሳንዱጋሽ ቁጥሩን ስነግራት ኮምፒውተሯን አይታ ፊቷ ተለወጠ።

"ይህን ቁጥር ቀይሪው" አለችኝ በሹክሹክታ። "በሌላ ሴት ስም ተመዝግቧል።"

"እሷ'ኮ ሞታለች።"

"እንዴት ትሞታለች?" አለች። "ትናንትና መዝገቧን ከፍታው ነበር።"

የኮምፒውተር ስህተት ነው ብዬ ተውኩት። ቁጥሩን ልለውጥ ብል አፓ ለምን ይሉኛል...

ዳውረን እጄን ጠምዝዞ ስልኩን ከኪሴ አወጣ። ኮዱን አንብቦ በራሱ ስልክ ላይ አስገባና የእኔን መልሶ ደረቴ ላይ ወረወረው፤ አንሥቼ ኪሴ ከተትኩት።

"አሁን እናያለን።"

መዝገቡ ተከፈተ። አናቱ ላይ ያለው ስም ግን የእኔ አልነበረም።

ኡልጃን።

በትከሻው በኩል አጮልቄ አነበብኩ። የካቲት አሥራ አንድ፦ "ታካሚዋ ባሏ እንደሚመታት ተናግራለች። ከቤት ለመውጣት ምክር ጠይቃለች።" ከሥሩ መዝገቡን ማን እንዳየው ተጽፏል። ዳውረን። የካቲት አሥራ ሁለት፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከአምስት።

ኡልጃን የሞተችው የካቲት አሥራ ሁለት ነው።

"ያኔ ኮዱ የሚመጣበት ስልኳ የሚውለው ማን ጋ ነበር?" አልኩ።

የአፓ ማንኪያ መጥበሻው ላይ ቆመ።

መጨረሻ ላይ አንድ መስመር ቀርቶ ነበር። ቀኑ የዛሬው ነው፤ ሰዓቱ ሰባት ተኩል።

"ታካሚዋ በእግሯ መጥታለች።"

"የተበላሸ ዕቃ!" ብሎ ዳውረን መዝገቡን ዘጋው። ፊቱ ሊጥ መስሏል።

አፓ ቂጣውን ሳህን ላይ እየቆጠሩ ነበር። "ስድስት... ሰባት... ስምንት። ስምንት? ሊጡን ለሰባት ነበር የከፈልኩት። ማነው የጨመረ?"

ስልኬ ኪሴ ውስጥ ተርገበገበ። ዞር ብዬ አየሁት።

"ኡልጃን በባለቤቷ በዳውረን መዝገብ ላይ ለመጻፍ ፈቃድ ትጠይቃለች። ከተስማሙ ኮዱን መልሰው ይላኩ።"

እምቢ ማለት እችል ነበር። ግን ለሦስት ሳምንት በጎኔ መተኛት አቅቶኝ ስቃትት፣ አፓ "ልጄን እንቅልፍ አትንሺው" ያሉኝ ትዝ አለኝ።

ላክሁት።

ወዲያው የዳውረን ስልክ ጮኸ። አንብቦ በግድ ሳቀ። "ስሙ እስቲ! ቀኝ እጅ፣ ሦስት ጣቶች፣ ስብራት። ስምንት ሰዓት ከሃያ። ይሄ ክሊኒክ ነው ሰርከስ?"

የግድግዳው ሰዓት ስምንት ከአሥራ ስምንት ይላል።

"ወሬህን ትተህ ከምድር ቤት ማርማላታ አውጣልኝ" አሉት አፓ። "እንግዶቹ ሊመጡ ነው።"

ክዳኑን አንሥቶ ግድግዳው ላይ ካለው የብረት መንጠቆ ጋር አያያዘው። ለመውረድ ጎንበስ ብሎ የመግቢያውን ጠርዝ በቀኝ እጁ ያዘ።

መንጠቆው ተፈትቶ ክዳኑ እጁ ላይ ሲወድቅ አየሁ። የነካው ሰው አልነበረም።

ደረቅ ፓስታ ሲሰበር ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እንደዚያ ነበር ድምፁ።

"ክሊኒክ ውሰጂው!" አሉ አፓ።

"ክሊኒክ አልሄድም!" ብሎ ጮኸ። "እዚያ አልሄድም!"

ያን ጊዜ በሩ ተንኳኳ፤ ሦስት ሽማግሌ ጎረቤቶች ናቸው። አፓ እጁን በፎጣ ጠቀለሉለት። "በል ተቀመጥ። በሰው ፊት እንዳታዋርደኝ።"

ሳሎን ውስጥ አጠገቤ ተቀመጠ። ሻይ ቀዳሁ። ሽማግሌዎቹ ስለ ሐብሐብ ያወራሉ። ዳውረን በግራ እጁ ስልኩን ከጠረጴዛው ሥር አሳየኝ።

"ከደረጃ መውደቅ። አንገት። ዘጠኝ ሰዓት ከአምስት።"

ከሥሩ ደግሞ፦ "ለመሰረዝ ወደ ባለቤትዎ ስልክ የተላከውን ኮድ ያስገቡ።"

ኪሴ ውስጥ ተርገበገበ።

"ሺናር..." አለኝ በሹክሹክታ። ስሜን ሲጠራ ከስንት ጊዜ በኋላ ነው። "ኮዱን ንገሪኝ።"

"አልደረሰም።"

"ሰማሁት'ኮ... የኔ ነፍስ... ሲርገበገብ ሰማሁት።"

"የእናቴ መልእክት ነው።"

ትልቁ ሽማግሌ እጃቸውን ዘርግተው ጸሎት ጀመሩ። አፓ የሟቾቻቸውን ስም አንድ በአንድ ነገሯቸው።

"ሌላስ አለ?"

"በቃ" አሉ አፓ።

"ኡልጃን" አልኩ እኔ።

አፓ አፈጠጡብኝ። በሰው ፊት ግን ምን ይበሉ? ሽማግሌው "ኡልጃን" ብለው ደግመው ጸሎቱን ጨረሱ። ሁሉም ፊታቸውን በመዳፋቸው አበሱ፤ ቂጣው መዞር ጀመረ።

ዘጠኝ ሰዓት ከአራት ሲል ዳውረን ተነሣ።

በፎጣ የተጠቀለለው እጁ ወደ ፊት ተዘርግቷል። ፎጣው ከፊት በኩል ተወጥሯል... አንድ ሰው ጫፉን ይዞ እንደሚስበው። እግሩ አልሄድም እያለ፣ ወደ ወጥ ቤቱ ገባ።

ቀና ብሎ ያየው የለም።

ከወጥ ቤት ክዳኑ ሲከፈት ተሰማኝ። ቀስ ብሎ...

"ሻዬ ቀዝቅዟል፣ ሙሽሪት" አሉ አፓ።

ቀዳሁላቸው።